«ማንም አይደለሁም! አንተስ?» ወይስ «አንቺስ?» — ኤሚሊ ዲክንሰንን ስተረጉም የተጣበቅኩበት ቦታ

ብራናው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ መስመር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። መሳቅ ይቻላል።

መስመሩ የኤሚሊ ዲክንሰን ነው። እንግሊዝኛው ሕፃን ልጅ የሚረዳው ነው። «እኔ ማንም አይደለሁም! አንተ ማን ነህ?» ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን «አንተ» ብዬ እንደጻፍኩ እጄ ቆመ። እንግሊዝኛው «ዩ» ነው የሚለው። ወንድ ይሁን ሴት፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ አይታወቅም። እኛ ጋ ማምለጫ የለም። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። «አንተ» ስል የፍቅር ጨዋታ መሰለብኝ። «አንቺ» ስል ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር የሚንሾካሾኩት ነገር ሆነ። «እርስዎ» ስልማ ቀበሌ መታወቂያ ላወጣ የሄድኩ መሰለኝ።

ለማያውቋት ባጭሩ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1830 ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ አምኸርስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። አባቷ ጠበቃ ነበሩ፤ የአምኸርስት ኮሌጅ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ ዘመን ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል። በተወለደችበት ቤት በ1886 ሞተች፣ በ55 ዓመቷ። 1,800 ገደማ ግጥም ጽፋለች። በሕይወት እያለች የታተመላት አሥር ገደማ ነው፤ ያውም ስሟ ሳይወጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ ደጋግሜ አልጽፍም።)

ይህን ሥራ የጀመርኩት በንዴት ነው። አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ፎቶዋን ለጥፈው «በፍቅር ተከድታ፣ ክፍሏን ቆልፋ፣ እያለቀሰች የሞተች ልጅ» ብለው ጻፉ። ከሥሩ ሦስት መቶ የልብ ምልክት። የኔ ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ አንተ ወይስ አንቺ?

የቀበና ልጅ

አንቺ በላት ባክህ። ሴት አይደለች እንዴ የጻፈችው።

ደግሞ ቻናሉ ምን አጠፋ? ከቤት አልወጣችም፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ነው የኖረችው፣ እንግዳ ሲመጣ ከበር ጀርባ ሆና ነበር የምታወራው። እኔም ብሆን የሆነ ነገር ደርሶባታል ነው የምለው።

ብራናው

@የቀበና ልጅ የጻፈችው ሴት መሆኗ የሚነገረውን ሰው ሴት አያደርገውም እኮ።

ከቤት መቅረቷ እውነት ነው። በተለይ ከሠላሳዎቹ አጋማሽ በኋላ ግቢውን ለቅቃ መውጣት ተወች። ግን እስቲ አስበው። ጠዋት ዳቦ ትጋግራለች፤ አባቷ ከእሷ እጅ ሌላ ዳቦ አይበሉም ነበር። ከሰዓት አትክልቷ ጋ ናት። ማታ ትጽፋለች። ከአንድ ሺህ በላይ ደብዳቤዎቿ ዛሬም አሉ። በ1863 ብቻ ሦስት መቶ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ግጥም ጽፋለች፤ በቀን አንድ ሊሆን ምን ቀረው? ይህን እያለቀሱ አይሠሩትም።

ጡረተኛው መምህር

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እሷን ሳስተምር ሁልጊዜ የምጀምረው ከአንድ ፖስታ ነበር።

ኤፕሪል 1862። የእርስ በርስ ጦርነቱ ተፋፍሟል። በዚያው ሰሞን የአምኸርስት ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ልጅ ጦር ሜዳ ሞቶ ከተማዋ ሐዘን ላይ ናት። ቶማስ ዌንትወርዝ ሂጊንሰን የሚባል ታዋቂ ጸሐፊ ለጀማሪ ደራስያን ምክር የሚሰጥ ጽሑፍ በመጽሔት አውጥቷል። አንድ ቀን ከማያውቃት ሴት ደብዳቤ ይደርሰዋል። አራት ግጥም ገብቶበታል። ፊርማ የለውም። ፖስታው ውስጥ ሌላ ትንሽ ፖስታ አለ። እሱ ውስጥ ደግሞ ካርድ። ስሟ ካርዱ ላይ ነው፤ በእርሳስ።

ጥያቄዋ ምን መሰላችሁ? «ግጥሜ ሕያው መሆኑን ይነግሩኝ ዘንድ ጊዜ ይኖርዎት ይሆን?» ነው። ያምራል፣ አያምርም አላለችም። ይተነፍሳል ወይ ነው ያለችው።

ሰውዬው ደንግጦ ፎቶሽን ላኪልኝ አላት። ፎቶ የለኝም አለችውና ራሷን በቃል ሣለችለት። እንደ ትንሽ ወፍ ደቃቃ ነኝ፤ ዓይኔም እንግዳ ብርጭቆ ውስጥ ትቶት የሄደውን የወይን ጠጅ ይመስላል፣ አለች። እንግዲህ ይህችን ነው ዓይን አፋር የሚሏት!

ከማተምሽ በፊት ትንሽ ቆዪ ብሎ ሲመክራትም እየሳቀች መለሰችለት። ማተም ለኔ ሐሳብ ባዕድ ነው፣ ሰማይ ለዓሣ ክንፍ ባዕድ እንደሆነው ሁሉ፣ አለችው። ሰውዬው የዋዛ ሰው አልነበረም። ባርነትን በመቃወም የታወቀ፣ በኋላም ከባርነት ነጻ የወጡ ጥቁር ወታደሮችን ክፍለ ጦር በኮሎኔልነት የመራ ነው። ጦር ሜዳ ሳለም ደብዳቤዋ ይደርሰው ነበር። በ1870 ቤቷ ድረስ ሄዶ አገኛት። ሁለት አበባ በእጁ ሰጠችውና «መተዋወቂያዬ ይኸው» አለችው። ለሚስቱ የጻፈላትን ታውቃላችሁ? የነርቭ ኃይሌን እንዲህ የጨረሰ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ አጠገቧ ባለመኖሬ ደስ ብሎኛል፣ አለ።

ብራናው ልጄ፣ ለጥያቄህ መልስ የለኝም። እኔ ክፍል ውስጥ «አንተ» እያልኩ አልፌዋለሁ። አሁን ሳስበው ስንፍና ነበር።

የቀበና ልጅ

መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተሸነፍኩ። ያቺን የካርድ ነገር አላውቃትም ነበር።

ማታ ፈረቃ

ሰላም። እኔ ነርስ ነኝ፤ እዚሁ ማሳቹሴትስ ነው የምኖረው። ግጥም ብዙ አላውቅም። ቤቷን ግን አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ሌሊት ሠርቼ ስወጣ እንቅልፍ እምቢ አለኝና መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

ትልቅ ቢጫ ቤት ነው፣ ዋናው መንገድ ላይ። ዛሬ ሙዚየም ነው። መኝታ ክፍሏ ፎቅ ላይ ነው፤ የግድግዳው ወረቀት ጽጌረዳ በጽጌረዳ። ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ አለች። ጠረጴዛ ማለት ይከብዳል። ወርድና ቁመቷ አርባ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። እኛ ሆስፒታል ለበሽተኛ ምግብ የምናቀርብባት ትሪ ከሷ ትሰፋለች። (ዋናው ጠረጴዛ ሃርቫርድ ነው፤ ይሄ ተመስሎ የተሠራ ነው አሉኝ።) ላፕቶፕና ቡና አንድ ላይ አይችልም። አሜሪካኖች በየትምህርት ቤቱ የሚያጠኑት ሁሉ እዚያች ላይ ነው የተጻፈው።

ሌላ ዓይኔን የያዘው መስኮቱ ነው። ከመስኮቱ ወንድሟና ሚስቱ ሱዛን ይኖሩበት የነበረው ቤት ይታያል። በሁለቱ ቤት መካከል የእግር መንገድ አለ። አስጎብኚዋ ስለ ሱዛን ብዙ ነገር ተናገረች፤ እኔ እንቅልፌ መጥቶ ግማሹን አልሰማሁም። መምህር ይሙሉበት።

ጡረተኛው መምህር

@ማታ ፈረቃ በርቺ ልጄ። ሌሊት ሠርቶ ግጥም ቤት የሚሄድ ሰው ግጥም አላውቅም ቢል አላምንም።

ሱዛን ጊልበርት የልጅነት ጓደኛዋ ናት። በኋላ ወንድሟን ኦስቲንን አግብታ ጎረቤት ሆነች። ዲክንሰን ለማንም ከላከችው በላይ ግጥም የላከችው ለእሷ ነው፤ 250 ገደማ። ገና በትኩሱ አንብባ አስተያየት ትሰጣታለች፤ ዲክንሰንም አንዳንዴ ተቀብላ ትለውጣለች። ደብዳቤዎቹ ፍቅር ናቸው። ምን ዓይነት ፍቅር እንደሆነ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ። እኔ አልዳኝም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከአንዳንዶቹ ወረቀቶች ላይ የሱዛን ስም ተፍቋል፤ በቀለም የተሰረዘም አለ። ሰው የማያሳስበውን ስም አይፍቅም።

የቀበና ልጅ

ኧረ ማነው የፋቀው? ይሄማ ድራማ ነው! ተከታታይ ፊልም ሠርተውበት የለ እንዴ?

ብራናው

ሠርተዋል፤ ከ2019 እስከ 2021 የወጣ። ለፊልሙ ከተሠሩት ዕቃዎች የተወሰኑትን በኋላ ለሙዚየሙ ሰጥተዋል።

እውነተኛው ድራማ ግን ከሞተች በኋላ ነው። እህቷ ላቪንያ በአደራው መሠረት ደብዳቤዎቿን አቃጠለች። ከዚያ መሳቢያ ስትከፍት ግጥሞቹን አገኘች። ስለ ግጥም የተሰጠ አደራ አልነበረም። አርባ ትናንሽ ደብተሮች። ራሷ ወረቀቱን አጥፋ፣ ደራርባ፣ ጠርዙን በመርፌ በስታ፣ በክር አስራ የሠራቻቸው። ውስጣቸው ስምንት መቶ የሚያህል ግጥም በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ተገልብጧል። እኔን ብራናው ያሰኘኝ እሱ ነው፤ የድሮ ጸሐፊ ብራናውን ዳምጦ፣ ሰፍቶ፣ ደጉሶ እንደሚያኖር ነው የታየኝ።

ላቪንያ መጀመሪያ ለሱዛን ሰጠች። ሱዛን ቀስ አለች። ተቀማችና ለሌላ ሴት ተሰጠ፤ ለሜብል ሉሚስ ቶድ። ይህች ሴት ደግሞ ማን ነበረች? የኦስቲን ውሽማ።

የቀበና ልጅ

😳 የሱዛን ባል ውሽማ?!

ብራናው

አዎ። ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሜብል ቤታቸው እየመጣች ፒያኖ ስትጫወት ዲክንሰን ከሌላ ክፍል ሆና ትሰማ ነበር። በሕይወት ሳለች ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ይህች ያላየቻት ሴት ናት የማይነበብ የእጅ ጽሑፍ እየገለበጠች ከሂጊንሰን ጋር በ1890 የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያወጣችው። ሐቁን እንናገር፤ እሷ ባትኖር እኛ ዛሬ እዚህ አንጨቃጨቅም።

ግን አበላሹት። ርዕስ አልነበረውም፣ ርዕስ ሰጡት። ረጃጅም ጭረቶቿን በነጠላ ሰረዝና በአራት ነጥብ ተኩ። ቤት ያልመታውን ቤት እንዲመታ ቃል ቀየሩ። ሁለቱ ቤተሰቦች በመሬት ጉዳይ ተካሰው ላቪንያ ስታሸንፍ ደግሞ ሜብል እጇ ላይ የቀረውን ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ለአሥርት ዓመታት አስቀመጠችው። ያኔ የተከፈለው ወረቀት ዛሬም እንደተከፈለ ነው፤ ግማሹ ሃርቫርድ፣ ግማሹ አምኸርስት ኮሌጅ። ሙሉው ሥራ ሳይቀባባ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1955 ነው፤ ቶማስ ጆንሰን በሚባል ሰው። በሞተች በ69 ዓመቷ! ለኔ የተወለደችው ያኔ ነው።

ሰምናወርቅ

ሁላችሁም ስለ ቤተሰብ ወሬ ታወራላችሁ፤ ዋናውን ነገር ማንም አላነሳም። ሴትዮዋ የቅኔ ሰው ናት። «እውነቱን ሁሉ ተናገር፣ ግን አዘንብለህ ተናገር» የሚል ግጥም አላት። እውነት ቀስ እያለች ካልበራች ሰው ሁሉ ይታወራል ትላለች። ይህ ሰምና ወርቅ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ጡረተኛው መምህር

@ሰምናወርቅ ወንድሜ፣ እንዲህ በፍጥነት አንዝለል። በሰምና ወርቅ አንድ ቃል ሁለት ጭነት ይሸከማል፤ ሰሙን ስታቀልጠው ወርቁ ይቀራል። ወርቁ ከተገኘ ጨዋታው አለቀ። እሷ ጋ ግን ብታቀልጠውም የሚቀር አንድ ወርቅ የለም። ቃሏ አንድ ነገር ለማለት ይነሣል፣ መንገድ ላይ ጭረት ይመጣል፣ ሐሳቡ ይታጠፋል። እኔ ተማሪዎቼን «የእሷ ቅኔ ፍቺው ያልተሰጠ ነው» እላቸው ነበር። ግማሹ ክፍል ይተኛል።

ሰምናወርቅ

መምህር፣ ይህን እቀበላለሁ፤ ግን በከፊል። እንግዲያው ይህን አንብቡልኝ። «ተስፋ ላባ ያለው ነገር ነው» የሚለውን ትናንት ማታ ሞክሬዋለሁ፦

ተስፋ ላባ ያለው ነገር ነው —
ነፍስ ላይ የሚያርፍ —
ቃል የሌለውን ዜማ የሚያዜም —
ከቶ — የማያርፍ —

«የሚያርፍ» ብዬ «የማያርፍ»። ወፍ ዛፍ ላይ ያርፋል፤ ዘፈኑ ግን አያርፍም። አንድ ግሥ፣ ሁለት ፍቺ። እንግሊዝኛው ራሱ ይህን አላገኘም!

ማታ ፈረቃ

ውይ ሲያምር! ስልኬ ላይ አስቀመጥኩት።

ብራናው

@ሰምናወርቅ ያምራል። ችግሩም ያ ነው፤ ከልክ በላይ ያምራል።

እሷ እዚያ ቦታ ላይ «ሶል» እና «ኦል» ነው ያለችው። ቤት ሊመታ ይልና ይስታል። ይህ ለእኛ ለፊደል ሰዎች ቀላል ነው። ረ፣ ሩ፣ ሪ፣ ራ ብለን አልቆጠርንም? የእኛ ግጥም ቤት መታ የምንለው «ራ» ከ«ራ» ጋር ሲገጥም ነው። እሷ የምታደርገው «ራ»ን ከ«ሮ» ጋር ማግባት ነው። ዘሩ አንድ፣ ድምፁ ሌላ። ቤተሰብ ናቸው፣ ግን አይስማሙም። ስለዚህ እኔ እንዲህ አልኩ፦

ተስፋ ላባ ያለው ነገር ነው —
ነፍስ ላይ ሰፍሮ —
ያለ ቃል ዜማ የሚያዜም —
ከቶ — የማያባራ —

ሮ እና ራ። ጆሮህን ትንሽ ካልቆረቆረው እሷ አይደለችም።

ሰምናወርቅ

ቆረቆረኝ። አልወደድኩትም። ግን ገባኝ።

ጡረተኛው መምህር

«የማያባራ» ደግ ነው። ዝናብ አባራ እንደሚባለው። ወፏ በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ነውና የምትዘምረው፣ ቃሉ ቀድሞ ዝናቡን አመጣው።

ስለ ምጣኔው አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ የወል ቤት ስድስት ስድስት ብሎ እንደሚሄድ፣ የእሷም ልክ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ስድስት፣ ስምንት ስድስት ነው። ይህን ከየት አመጣችው? ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር። ልጅ ሆና በየእሁዱ የሰማችው ዜማ ነው። እኩዮቿ ሁሉ በሃይማኖት መነቃቃቱ ሰሞን ቀርበው እምነታቸውን ሲመሰክሩ እሷ እምቢ ብላ ቀረች፤ የቤተ ክርስቲያን አባልም ሳትሆን ሞተች። ልኩን ግን ይዛ ወጣች። በዚያ በመዝሙር ልክ ውስጥ ጥርጣሬዋን፣ ሞትን፣ ንብን፣ ዝንብን ሁሉ አስገባች። የውጩ ቤት የደብር፣ የውስጡ ነዋሪ ዐመፀኛ።

ዳቦ ጋጋሪዋ

ከሦስት ገጽ በኋላ ማንም ስለ ኬኩ አላነሳም?!

የኤሚሊ ዲክንሰን ጥቁር ኬክ የሚባል አለ። በእጇ የጻፈችው አሠራር ሃርቫርድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። እኔ ኬክ ቤት ስላለኝ ባለፈው ገና ሞከርኩት። ዱቄት ሁለት ፓውንድ፣ ስኳር ሁለት፣ ቅቤ ሁለት፣ ዘቢብ አምስት ፓውንድ፣ እንቁላል 19። አሥራ ዘጠኝ! ባለቤቴ «ይህች ሴትዮ ዶሮ እርባታ ነበራት?» አለኝ። በአሁኑ የእንቁላል ዋጋ ግማሹን ነው የሠራሁት። ዘጠኝ ተኩል እንቁላል። ግማሹ እንቁላል ምን ሆነ አትበሉኝ።

ብራንዲና ሞላሰስ ይገባበታል። ቀስ ባለ እሳት አምስት ስድስት ሰዓት። ሲወጣ ጥቁር፣ ከባድ፣ የሚጣብቅ ነው። ቁራሹ ትንሽ ሆኖ ሲነሣ ድንጋይ። ትንሽ ግጥሞቿን ሳነብ እሱ ነው የሚታየኝ፤ አራት መስመር ሆኖ አይነሣም።

ደግሞ በ1856 በከተማው የገበሬዎች ኤግዚቢሽን ላይ በአጃና በበቆሎ ዳቦ ሁለተኛ ወጥታለች። ለሰፈሩ ልጆች ዝንጅብል ዳቦ በቅርጫት አድርጋ ከፎቅ መስኮት በገመድ ታወርድላቸው ነበር። ቻናሉ ይህን ይለጥፍ እስቲ።

የቀበና ልጅ

ዘጠኝ ተኩል እንቁላል 😂 ተሸነፍኩ ለሁለተኛ ጊዜ።

ዳቦ ጋጋሪዋ

ቁም ነገሩ አልቀረም። አንዱን ግጥሟን የጻፈችው ከኮኮናት ኬክ አሠራር ጀርባ ነው። ሌላውን የቸኮሌት መጠቅለያ ላይ። ሌሎቹን የተቀደደ ፖስታ ላይ። ማድ ቤት የዋለች ሴት ያገኘችው ወረቀት ላይ ነው የምትጽፈው። እኔም ሒሳቤን የምጽፈው ዱቄት ከረጢት ላይ ነው።

ማድ ቤቱ ደግሞ የእሷ ብቻ አልነበረም። ማርጋሬት ማኸር የምትባል ከአየርላንድ የመጣች ሠራተኛ አብራት ነበረች። ከግጥሞቿ የተወሰኑትን በማርጋሬት ሣጥን ነበር የምታስቀምጠው። እንግዲህ ለማን አደራ እንደሰጠች እዩ።

ማታ ፈረቃ

ማርጋሬትን ስትጠቅሺ ቀብሯ ትዝ አለኝ። መቃብሩ ጋም ሄጄ ነበር። አስከሬኗን የተሸከሙት ቤታቸው የሠሩ ስድስት አየርላንዳውያን ሠራተኞች ናቸው። በፊት በር አልወጡም። በጓሮ በር፣ በጎተራው አልፈው፣ በአበባው መካከል፣ በማሳው አቋርጠው። እንዲያ እንዲሆን ራሷ ናት የፈለገችው። ድንጋዩ ላይ «ተመልሳ ተጠራች» የሚል ተጽፏል፤ ከመሞቷ ጥቂት ቀን በፊት ለአክስቷ ልጆች ከጻፈችው ሁለት ቃል የተወሰደ ነው። እኔ በሄድኩበት ቀን ሰዎች እርሳስ አስቀምጠውላት ነበር።

በሥራዬ ብዙ ሞት አያለሁ። ያቺን «ሞትን ቆሜ ልጠብቀው ጊዜ ስላጣሁ እሱ ቆመልኝ» የምትለዋን ሙዚየሙ ሱቅ ውስጥ ካርድ ላይ አንብቤ ሌሊቱን ሙሉ አስቤያታለሁ። ሞት በሠረገላ መጥቶ በትሕትና አሳፍሮ ይወስዳታል። አንዳንዱ በሽተኛ በእርግጥም እንዲያ ነው የሚሄደው። ልክ ታክሲው እንደመጣለት ሰው።

ብራናው

@ማታ ፈረቃ እሷንም ጀምሬ ነበር። ሌላ ጣጣ ገጠመኝ። ሞት እዚያ ጨዋ ሰው ነው፤ ሴት ወይዘሮ ሊወስድ የመጣ። እና «ቆመልኝ» ልበል «ቆሙልኝ»?

የቀበና ልጅ

ሞት አንቱ ይባላል እንዴ? «ሞት ቆሙልኝ፣ ይግቡ አሉኝ»? ኧረ ይለፈኝ!

ጡረተኛው መምህር

በሙሾም «አንተ ሞት» ነው የሚባለው። አንቱ ብሎት የሚያውቅ አልቃሽ አልሰማሁም። ነገር ግን ልብ በሉ፣ እሷ ትሕትናውን በቃል ጠቅሳዋለች። ትሕትናው የእሱ ነው፤ ለእሷ። ስለዚህ ሞት ለእሷ «ይግቡ» ይበላት፣ እሷ ደግሞ ስታወራልን «እሱ» ትበለው። ይህ የአማርኛ ጸጋ ነው፤ እንግሊዝኛው ሊያደርገው አይችልም።

ብራናው

መምህር፣ ይህችን ወሰድኳት። ስምዎን ከሥር እጽፋለሁ።

ሰምናወርቅ

ሁሉም ጥሩ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ካለሷ የአሜሪካ ግጥም ምን ይጎድለዋል? ባለቅኔው ዋልት ዊትማን አለ አይደል? «የሣር ቅጠሎች» የወጣው በ1855 ነው። ደፋሩ እሱ ነው። እሷ ደብቃ ጻፈች።

ጡረተኛው መምህር

ሁለቱም ናቸው። እሱ መስመሩን እንደ ጎርፍ ለቀቀው፤ እሷ እስኪሰነጠቅ ድረስ ጨመቀችው። በነገራችን ላይ ሂጊንሰን ስለ ዊትማን ጠይቋት ነበር። መጽሐፉን አላነበብኩትም፣ ነገር ግን አሳፋሪ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ብላ መለሰችለት። ሁለቱን የአሜሪካ ግጥም ወላጆች ስናጋባ እነሱ አልተዋወቁም።

ያደረገችው ነገር ደግሞ ከአገሯ ወጥቷል። ፓውል ሴላን የተባለው ባለቅኔ ወደ ጀርመንኛ መልሷታል። አሮን ኮፕላንድ አሥራ ሁለቱን ግጥሞቿን ለድምፅና ለፒያኖ ዜማ ሠርቶላቸዋል። አጭር መስመር፣ የተቆረጠ ሐሳብ፣ መሃል ላይ ዝም የሚል ግጥም ዛሬ ሲያነቡ አይደንቃችሁም። ያኔ ግን ለአዘጋጆች የፊደል ስሕተት ነበር። በ1866 ስለ እባብ የጻፈችው በጋዜጣ ሲወጣ ሦስተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ምልክት ጨመሩበት። «ሦስተኛው መስመሬ በሥርዓተ ነጥቡ ተሸነፈ» ብላ ለሂጊንሰን ጻፈችለት። ስለ አንዲት ምልክት! ከዚያ ወዲያ ማተም ለምን አላጓጓትም ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

ብራናው

እሺ፣ ወደ ጣጣዬ ልመለስ። እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

ማንም አይደለሁም! አንቺስ ማን ነሽ?
አንቺም — ማንም — አይደለሽም?
እንግዲያማ ጥንድ ሆንና!
ዝም በይ! ያውጁብናል — ታውቂያለሽ!

ምንኛ ይሰለቻል — «አንድ ሰው» — መሆን!
እንደ እንቁራሪት — ባደባባይ —
ሰኔን ሙሉ — ስምን ሲጠሩ መዋል —
ለሚያደንቅ ረግረግ!

ዳቦ ጋጋሪዋ

እንቁራሪቷ ገደለችኝ። ፌስቡክ ላይ የማውቃቸው ስንት እንቁራሪቶች አሉ።

የቀበና ልጅ

«ማንም» ግን ልክ ነው እኮ። «ማንም እየተነሣ ይናገረኛል» እንል የለ? ያ «ማንም» ኖባዲ ነው። ቃሉ አለን።

ሰኔ ግን አልገባኝም። ሰኔ እኛ ጋ ክረምት ነው። እዚያ በጋ አይደል?

ብራናው

በ«ማንም» ደስ አሰኘኸኝ፤ አላሰብኩትም ነበር።

ሰኔን በተመለከተ፣ የእሷ ጁን የእኛ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ነው። እዚያ ሞቃት፣ እኛ ጋ ዝናቡ ሊገባ ሲል። ግን እንቁራሪት የሚጮኸው በሁለቱም አገር ያኔ ነው። ሳይለፋኝ የተገኘ ነገር ነው። የ1891ዱ መጽሐፍ «ጁን»ን አውጥቶ «ቀኑን ሙሉ» ብሎት ነበር። «ያውጁብናል»ም እዚያ «ያባርሩናል» ነው የሚለው።

ማታ ፈረቃ

ለምን የእጅ ጽሑፉን አታየውም? ከ2013 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አስቀምጠውታል፤ የሃርቫርዱንም የአምኸርስቱንም። ሙዚየሙ ላይ አሳይተውናል። አንድ ቃል ላይ እርግጠኛ ካልሆነች ትንሽ የመስቀል ምልክት ታደርግና ሌላውን ቃል ከታች ትጽፈዋለች። ሳትመርጥ ትተዋለች።

ብራናው

አሁን አየሁት።

አንድ ሰዓት ሆነኝ። ከምልክቷ ሌላ የማየው የለም። ሦስት ሳምንት አንተ ነው አንቺ እያልኩ ራሴን የገደልኩት ለምንድን ነው? እሷ ራሷ አልመረጠችም እኮ። እንዲህ አደረግኩት፦

ማንም አይደለሁም! +አንቺስ ማን ነሽ?

ከታች ደግሞ፦ +አንተስ ማን ነህ

ሰምናወርቅ

ጥሩ። ጮክ ብለህ ስታነበውስ የቱን ልትል ነው?